ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው፦ ብሔራዊ የፈረስ ስፖርት አካላችንን የሚመራ ሰው ከየት ይጀምር?

የባልደራስ ሰፈር ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሲከነክነኝ የቆየ ነገር ስላለ ነው የምጽፈው። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ያደግኩት አዲስ አበባ፣ ከጃንሜዳ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነው። አባቴ ስለ ጃንሜዳ የፈረስ እሽቅድምድም ሲያወራ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። እኔ የደረስኩት ወሬው ላይ ነው። አሁን ቅዳሜና እሁድ ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የግልቢያ ክለብ ልጆች አስተምራለሁ። ልጓም አያያዝ፣ እርካብ መርገጥ፣ ከዚያ ሶምሶማ። ጎበዞቹን ደግሞ ዝቅተኛ መሰናክል አዘልላለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የ12 ዓመት ተማሪዬ «ጋሼ፣ ይሄን ተምሬ ስጨርስ የት ነው የምወዳደረው?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ሯጭ ብትሆን ኖሮ መንገዱን እነግራት ነበር። የትምህርት ቤት ውድድር አለ፣ ክለብ አለ፣ ክልል አለ፣ ብሔራዊ ቡድን አለ። በፈረስ ግን እንዲህ ብዬ የማሳያት ደረጃ የለኝም። ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ፈረስ ባለበት አገር ይህችን ልጅ የምልክበት ቦታ ማጣቴ አንገበገበኝ።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይኸው። ነገ ጠዋት «ብሔራዊውን የፈረስ ስፖርት አካል አንተ ምራው» ብትባሉ የመጀመሪያዎቹን አራት ዓመታት በምን ታሳልፉ ነበር? አራት ያልኩት የአንድ ኦሊምፒክ ዘመን ስለሆነ ነው።

የእኔን ሐሳብ ላስቀድም። መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ ደረጃውን የጠበቀ የዝላይ ሜዳ እሠራለሁ። ከውጭ አንድ አሠልጣኝ አስመጣለሁ። ክለቦቹን አንድ የውድድር መርሐ ግብር ውስጥ አስገባለሁ። ከዚያ ሎዛን ያለው፣ ኤፍ ኢ አይ የሚባለው ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የሚያውቀው ውድድር ላይ ጋላቢ አሰልፋለሁ። እስቲ ተቹኝ።

ዳማ ፈረስ

ወንድሜ እጅህን ይባርከው። ከዚህ የተለየ የምለው የለኝም። እኔ ዝላይ ነው የምጋልበው፣ ዕድሜዬ 22 ነው። የዝላይ ልምምዴን የማየው ስልኬ ላይ ነው። ሌላው ስፖርተኛ ኦሊምፒክ ሲያልም ማንም አይገርመውም። እኔ ስል ግን ሰዉ ያየኛል። የሚመራን ሰው መጀመሪያ ይህንን ሕልም የሚያምን ይሁን። የቀረው ከዚያ ይከተላል።

እንጅባራ ነኝ

የተከበርክ የባልደራስ ሰፈር ልጅ፣ ሐሳብህ ከቅን ልብ እንደመጣ ይታያል። ግን ጽሑፍህን ሁለቴ ሳነበው እኔን አጣሁት።

የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። ፈረስ በዓድዋና በኋላም በአምስቱ ዓመት ተጋድሎ የዋለው ውለታ እንዳይረሳ ተብሎ ነው የቆመው። በየዓመቱ ጥር 23፣ በጊዮርጊስ ቀን፣ እንጅባራ ሜዳ ላይ በዓሉ ይከበራል። አባላቱ ከሃምሳ ሺህ በላይ ናቸው። እስቲ ቁጥሩን ልብ በለው። አዲስ አበባ ያሉ ክለቦች ተማሪዎቻቸውን በሙሉ ቢደምሩ እዚህ ቁጥር አጠገብ ይደርሳሉ?

አለቃ አለን። ደንብ አለን። ሽማግሌ አለን። አያቴ ጋላቢ ነበር፣ አባቴም እኔም እንዲሁ። ጉግስ እንጫወታለን፣ ሽምጥ እንጋልባለን። ልጆቻችን መራመድ እንደጀመሩ ነው ኮርቻ ላይ የሚወጡት። አንተ አራት ዓመት ሙሉ ልትሠራው ያሰብከውን መሠረት እኛ ከሰማንያ ዓመት በፊት ጥለነዋል።

የጎደለንን ልንገርህ። የእኛ ጉግስና የሌላው አገር ጉግስ ሕጉ አንድ አይደለም። የጥምቀት ጉግስ ሌላ ነው፣ የመስቀሉ ሌላ። አንዱ ዘንድ የተፈቀደው ሌላው ዘንድ ነውር ነው። የተጻፈ ነገር ስለሌለ እኔ ከሰላሌ ወይም ከአርሲ ጋላቢ ጋር ልወዳደር ብል ማን ይዳኘን? ብሔራዊ አካል የሚባለው እዚህ ላይ ነው የሚያስፈልገኝ። ሜዳ አልጠይቀውም። ሜዳ አለኝ። አንድ ሕግ፣ የሠለጠነ ዳኛ፣ የወደቀን ሰው የሚያነሳ አምቡላንስ ብቻ ይስጠኝ።

ዳማ ፈረስ

ጋሼ፣ በጣም አከብርዎታለሁ። ባህሉንም እወደዋለሁ። ግን ባህልና ስፖርት ለየብቻ ናቸው። ጉግስ ኦሊምፒክ ላይ የለም። ብሔራዊው አካል በዓል ላይ ካተኮረ እኛ ዝላይ የምንጋልበው ለዘለዓለም ስልክ ስናይ እንቀራለን።

የጋማ ከብት ሐኪም፣ ቢሾፍቱ

ዳማ፣ ሕልምህን ልነካብህ አልፈልግም። ግን የሚመራን ሰው መጀመሪያ ማወቅ ያለበት እኔ የምነግርህን ነገር ነው። ስለዚህ ዘርዘር ላድርገው።

የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚባል ቫይረስ አለ። ዘጠኝ ዓይነት ነው። ከፈረስ ወደ ፈረስ በንክኪ አይተላለፍም፣ ሰውንም አይነካም። የሚያስተላልፉት ከትንኝ ያነሱ ደቃቃ ተናካሽ ነፍሳት ናቸው። ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ እርጥብ ሲሆን ይበዛሉ። አህያ ብዙም አይጎዳውም፣ በቅሎም ይሻለዋል። ፈረስ ግን ሕመሙ በከባዱ መልኩ ከያዘው ከአሥሩ ዘጠኙ ሊሞት ይችላል። ማታ ደህና የነበረ ፈረስ ጠዋት አፍንጫው አረፋ ደፍቆ ወድቆ ያየ ሰው አይረሳውም። እኔ አይቻለሁ።

ይህ በሽታ በአገራችን ነዋሪ ነው። ትርጉሙ ምን መሰለህ? አንድ የኢትዮጵያ ፈረስ አውሮፕላን ተሳፍሮ አውሮፓ ሄዶ ልዝለል ቢል አይፈቀድለትም። የዝላይ ችሎታው አይደለም የሚያስቀረው። ደሙ ነው የሚመረመረው። ደቡብ አፍሪካን ተመልከት። ገንዘቡ አላቸው፣ ሐኪሙ አላቸው፣ በኬፕታውን ዙሪያ ቁጥጥር የሚደረግበት ቀጠና ከልለዋል። እንዲያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2011 በሽታው በቀጠናው ውስጥ ሲገኝ ወደ አውሮፓ በቀጥታ ፈረስ መላክ ከአሥር ዓመት በላይ ቆሞባቸው ነበር።

የፈረስ ኳራንቲን ኦሊምፒክን እንኳ ከፍሎታል። እ.ኤ.አ. በ1956 ኦሊምፒኩ ሜልቦርን ሲካሄድ የፈረሱ ውድድር ስቶክሆልም ነበር። አውስትራሊያ የኳራንቲን ሕጓን አላላላም አለች፣ በቃ። በ2008ም ቤጂንግ ያዘጋጀችው ኦሊምፒክ የፈረስ ውድድሩ ሆንግ ኮንግ ነው የተደረገው።

ስለዚህ እኔ ብመራ የመጀመሪያው ዓመት በጀቴ ለዝላይ ሜዳ አይሆንም። ለክትባት ነው። ክትባቱ ደግሞ እዚሁ ቢሾፍቱ ይመረታል። ችግሩ ከፋብሪካው እስከ ፈረሱ ያለው መንገድ ነው። ቅዝቃዜውን ጠብቆ ወረዳ የሚያደርስ፣ ከክረምቱ በፊት ባለፈረሱን ሰብስቦ የሚከትብ፣ የተከተበውን የሚመዘግብ ሰው ያስፈልጋል። ፈረሰኞቹ ማኅበር ካላቸው ደግሞ መሰብሰቡ ቀላል ነው። እንጅባራ ነኝ ያሉት ሰው ሳያውቁት የሥራውን ግማሽ ሠርተውልኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው ጋሪ የሚጎትተውንና በበዓል የሚጋልበውን ፈረስ ለየብቻ ያስባቸዋል። በብዙ ከተማ አንድ ፈረስ ናቸው። ሰኞ ጋሪ የጎተተ ጀርባ ነው እሁድ ኮርቻ የሚጫንበት። የጋሪ ፈረሶቻችንን የሚያቆስለው የሊምፍ ቧንቧ በሽታ በቁስልና በጋራ ዕቃ ይተላለፋል። ስለዚህ «የጋሪ ጉዳይ የእኛ ሥራ አይደለም» የሚል የስፖርት አካል የራሱን ፈረስ አያውቀውም ማለት ነው።

ሰላሌ

ዶክተር እግዜር ይስጥልን። እኛ ዘንድ ባዝራ የሚያረባ ሰው ሁሉ ይህንን ያውቃል፣ ስሙን እንዲህ ባይጠራውም። እኔ የምጨምረው ዝርያን ነው። ተመራማሪዎች የኢትዮጵያን ፈረስ በስምንት ለይተውታል። የሰላሌ አለ፣ የባሌ፣ የቦረና፣ የሆሮ፣ የከፋ፣ የአበሻ የሚሉት፣ የኦጋዴን፣ ከዚያ ደግሞ ቁንዱዶ ተራራ ላይ ባለቤት የሌላቸው የዱር ፈረሶች። የቁንዱዶዎቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው ይባላል። የፈረስ ስፖርት እመራለሁ የሚል ሰው የእነዚህን መዝገብ ካልያዘ ሌላው ዕቅድ ለእኔ ወረቀት ነው። ጥሩ ድንጉላ የትም ይሸጣል። ለየትኛዋ ባዝራ እንደተላከ የሚጽፍ የለም።

ከገልፍ የተመለስኩ

አንባቢ ነበርኩ፣ ዛሬ ግን ልጻፍ። ስድስት ዓመት በአንድ የገልፍ አገር ጋጣ ውስጥ ፈረስ ጠባቂ ነበርኩ። የጽናት ግልቢያ የሚሉት ነው። በአንድ ቀን እስከ 160 ኪሎ ሜትር ይኬዳል። በዙር በዙር ይከፈላል። እያንዳንዱ ዙር ሲያልቅ ፈረሱ ሐኪም ፊት ይቀርባል። የልብ ምቱ በተወሰነለት ደቂቃ ውስጥ ወደ 64 ካልወረደ ወይም ካነከሰ ውድድሩ ለእሱ አለቀ። ጋላቢው ማንም ይሁን ማን።

አንዲት ግራጫ ባዝራ ነበረችን። እኔ ነበርኩ ገብሷን የማቀርብላት፣ እግሯን በበረዶ የማቀዘቅዝላት። አንድ ቀን ሁለተኛው ዙር ላይ ትንሽ አነከሰች። እኔ ብቻ የማየው ነበር የመሰለኝ። ሐኪሙ «በቃት» አለ። አሠልጣኙ ጮኸ፣ ባለቤቱም መጣ። ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ ፈረመና ወደ ቀጣዩ ፈረስ ሄደ። ያ ሐኪም ደመወዙን ከባለቤቱ የሚቀበል ቢሆን ኖሮ ባዝራዋ ያን ቀን ትሞት ነበር። ሌላ ቀን እንዲህ የሞተ ፈረስ በዓይኔ ስላየሁ ነው እንዲህ የምለው።

የአገር አካል ይህንን መቆጣጠር ካቃተው ምን እንደሚሆንም አይቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስን ብሔራዊ ፌዴሬሽን አግዶት ነበር። ምክንያቱ በጽናት ግልቢያ የፈረሶች ጉዳትና የሕግ አለመከበር ነው። መጋቢት ላይ ታገደ፣ ሐምሌ ላይ ተነሳለት። ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ስፖርት ነው። ገንዘቡ አላዳነውም።

ለኢትዮጵያ የምመኘው ይህንን ነው። የልብ ማዳመጫ አንድ፣ ሰዓት አንድ፣ «በቃው» ለማለት የማይፈራ ሐኪም አንድ። ይህ ሚሊዮን አይፈጅም። ጥር 23 እንጅባራ ላይ ቢጀመር ምን ይከለክለናል?

እንጅባራ ነኝ

ወንድሜ፣ ስለ ባዝራዋ የጻፍከውን ለልጄ አነበብኩለት። የሚከለክል ነገር የለም። ግን ሽማግሌዎቹ ቀድመው ይጠየቁ። ሐኪሙ ከላይ የተላከ አዛዥ ከመሰላቸው አንድ ፈረስ አያቀርቡለትም። ፈረስ ለእኛ ስም ነው። አባ ዳኘው፣ አባ ታጠቅ፣ አባ ነጋ፣ አባ መላ ስንል የጠራነው ሰውየውን ነው፣ ስሙን ያገኘው ግን ከፈረሱ ነው። በሰው ስም ላይ እጅህን የምትጭነው አስፈቅደህ ነው።

ኮርቻዋ ላይ ያለችው

እኔም ጋላቢ ነኝ። ሴት ነኝ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። ስለዚያች የ12 ዓመት ልጅ ማንም እስካሁን አልተናገረም።

በዚህ ስፖርት ሴትና ወንድ እኩል ነው የሚወዳደሩት። ለየብቻ ምድብ የለም። እ.ኤ.አ. በ1952 ሄልሲንኪ ላይ ሊስ ሃርቴል የምትባል የዴንማርክ ሴት በድሬሳዥ፣ ፈረሱ በጋላቢው ምልክት የተለማመደውን እንቅስቃሴ በሚያሳይበት ውድድር፣ ከወንዶች ጋር ተወዳድራ የብር ሜዳሊያ አግኝታለች። ያውም ፖሊዮ ከጉልበቷ በታች እግሯን ይዟት፣ ፈረሱ ላይ ሰው ደግፎ እያወጣት። ይህንን እኩልነት የያዘ ሌላ ትልቅ ስፖርት ማግኘት ከባድ ነው። እኛ ግን ሴት ልጅ ፈረስ ላይ ስትወጣ አሁንም «ውረጂ» የሚል አለን።

የሚመራን ሰው ይህንን በደንቡ ላይ ያስጽፍልን። በሥራ አስፈፃሚው ውስጥ ጋላቢ ሴት ትኑር። ለይስሙላ የተቀመጠች ሳትሆን ጋጣ ያጸዳች፣ ወድቃ የተነሳች። የራስ ቁርም ግዴታ ይሁን። እኔ የወደቅኩ ቀን ቁር ባይኖረኝ ይህን አልጽፍም ነበር።

እንጅባራ ነኝ

እህቴ፣ ቁሩ ላይ ልከራከርሽ። ጎፈር የደፋን ጋላቢ «አውልቅና ፕላስቲክ ድፋ» ብትዪው ፈረሱን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ኮርቻዋ ላይ ያለችው

ጋሼ፣ ድሬሳዥ የሚጋልቡ ፈረንጆችም ረጅሙን ጥቁር ባርኔጣቸውን አናወልቅም ብለው ብዙ ተሟግተዋል። ለእነሱም ክብር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ ግን ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ለሁሉም የራስ ቁር ግዴታ አደረገው። ጎፈሩ ለሰልፉ ይሁን፣ ለበዓሉ ይሁን። ሽምጡ ሲጀመር ቁር ይደፋ። ወይም ጎፈሩን ከላይ የሚይዝ ቁር አሠርተን እንሞክር። እዚህ አገር ቆዳ የሚሠራ ሰው አልጠፋም።

እንጅባራ ነኝ

ጎፈሩ ከላይ ከሆነ እናስብበታለን።

ሒሳብ አዋቂው

እኔ ፈረስ አልጋልብም። ልጄ ነው የሚጋልበው። በሙያዬ የማኅበራትን ሒሳብ እመረምራለሁ። ስለ ፈረሱ እናንተ ስለተናገራችሁ እኔ ስለ ወንበሩ ልናገር።

የስፖርት አካል ሲመሠረት ሰዉ ቶሎ ብሎ ታዋቂ ሰው ፕሬዚዳንት ያደርጋል። «ስሙ በር ይከፍትልናል» ይባላል። አንዳንዴ ይከፍታል። ኤፍ ኢ አይ ራሱ እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 2014 በንጉሣውያን ቤተሰብ ነው የተመራው። የእንግሊዙ ልዑል ፊሊፕ፣ ከዚያ ልጃቸው ልዕልት አን፣ ከዚያ የስፔኗ ኢንፋንታ ፒላር፣ ከዚያ የዮርዳኖሷ ልዕልት ሃያ። በ2014 የተመረጠው ቤልጂየማዊው ኢንግማር ደ ቮስ ግን የቢሮ ሰው ነው። ከዚያ በፊት የዚያው ድርጅት ዋና ጸሐፊ ነበር። ፋይሉን ያውቀዋል። መመረጥ የሚችለውም ሦስት ጊዜ ብቻ ነው።

ግን ልዑል ፊሊፕን ለስማቸው ብቻ አላነሳኋቸውም። እሳቸው ፕሬዚዳንት ሆነው ነው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ለሠረገላ ውድድር ዓለም አቀፍ ሕግ የተጻፈው። ሠረገላ እኮ ከዚያ በፊትም ነበር። በየአገሩ በየራሱ ልማድ ይነዳ ነበር። ሕጉ ሲጻፍ ነው አንዱ ከሌላው ጋር መወዳደር የቻለው። እንጅባራ ነኝ ስለ ጉግስ የጠየቁት ይህንኑ ነው። ዶክተሩ ስለ ጋሪ ያሉትን ሳነብም ይኸው ነገር መጣብኝ። ሻሸመኔ፣ ሐዋሳ፣ አዳማ ጋሪ የነዳ ሰው ጠባብ መንገድ ላይ የሚያሳየውን ችሎታ አይታችኋል? መሰናክል ደርድሩለትና ሰዓት ያዙ። መግቢያው የፈረሱ ጀርባ ይሁን። ቁስል ያለበት ፈረስ አይሰለፍም በሉ። ያን ጊዜ ጋሪ ነጂው ራሱ ነው ሐኪም የሚፈልገው።

ስለ ገንዘብ አንድ ብቻ። ከመንግሥት ድጎማ ላይ ብቻ የቆመ ማኅበር ድጎማው የዘገየ ዓመት ይሞታል። ከአባል በየዓመቱ ጥቂት ብር ይሰብሰብ፤ በምላሹ የፈረሱ መዝገብና ክትባት ይሰጠው። ሰው የሚያገኘው ነገር ካለ ይከፍላል። እንጅባራ ላይ ያለው ማኅበር ይህን ያህል ዓመት የቆየው ባለቤቱ አባሉ ስለሆነ ይመስለኛል። ሒሳቡ ደግሞ በየዓመቱ በጠቅላላ ጉባኤ ፊት ይነበብ። ተባዝቶ ቢታደል ብዙ ሰው ሳያየው አጣጥፎ ኪሱ ይከተዋል። ሲነበብ ግን ሁሉም ይሰማዋል።

ዳማ ፈረስ

ሁለት ቀን ዝም ያልኩት ተከፍቼ ነበር። እውነቱን ነው የምናገረው። የዶክተሩን ጽሑፍ ሳነብ በሩ የተዘጋብኝ መሰለኝ። ከዚያ ትንሽ ሳነብ ቆየሁ።

ፈረሱ ባይወጣ ጋላቢው ይወጣል። ብዙ ጋላቢ አውሮፓ ውስጥ ባለ ፈረስ ነው አገሩን ወክሎ የሚጋልበው። ደግሞ ኤፍ ኢ አይ ወርልድ ቻሌንጅ የሚለው ውድድር አለ። አንድ ዓይነት የመሰናክል ንድፍ ለየአገሩ ይሰጣል። ሁሉም በየአገሩ፣ በየአገሩ ፈረስ ይዘላል። ከዚያ ውጤቱ ይነጻጸራል። ፈረስ ድንበር አይሻገርም። እንዲህ ዓይነቱን ውድድር ለማዘጋጀት ትልቅ ሜዳ ሳይሆን ትክክለኛ መሰናክልና ትክክለኛ ዳኛ ነው የሚፈለገው። ስለዚህ የእኔም ጥያቄ ዞሮ ዞሮ ዳኛ ሆነ።

ሌላው ያስደነቀኝ ሞሮኮ ናት። ትቡሪዳ የሚሉት የባሩድ ግልቢያ አላቸው። ፈረሰኞቹ ተሰልፈው ይጋልቡና እኩል ይተኩሳሉ። በዩኔስኮ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ይህንኑ ባህል የያዘች አገር አብደልከቢር ዋዳር የሚባል ዝላይ ጋላቢ አላት። 2016 ሪዮ ኦሊምፒክ ላይ ጋልቧል። አንዱ ሌላውን አላጠፋውም። እኔ «ባህልና ስፖርት ለየብቻ ናቸው» ብዬ ነበር። ጋሼ እንጅባራ፣ ያንን ቃል ይቅርታ ጠይቄ እመልሳለሁ።

እንጅባራ ነኝ

ልጄ፣ ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር አልተናገርክም። የፈረስ ፍቅር ነው ያናገረህ። እኛም ዝላይ የሚያውቅ ልጅ ቢያስተምረን አንጠላም። ፈረሶቻችን ቦይና አጥር ሲዘሉ ነው የሚውሉት።

ሰላሌ

ኪርጊዞችም አሉ። ኮክ ቦሩ የሚባለው፣ ፈረስ ላይ ሆነው የፍየል በድን የሚናጠቁበት ጨዋታቸው ድሮ በየመንደሩ በየራሱ ሕግ ነበር የሚጫወቱት። ሕግ አወጡለት፣ ሜዳውን ለኩት፣ የተጫዋቹን ቁጥር ወሰኑ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2014 የዓለም ዘላኖች ጨዋታን አገራቸው ላይ ጀመሩና ሌላውን አገር ጠሩ። ቱርኮች ደግሞ ጂሪት የሚሉት፣ ፈረስ ላይ ሆነው ዘንግ የሚወራወሩበት ጨዋታ አላቸው። ከጉግስ ጋር ወንድማማች ነው። ጉግስ ሕግ ቢኖረው ከቱርክ ጋር እንኳ እንጋበዝ ነበር።

የባልደራስ ሰፈር ልጅ

ስታወሩ ዝም ብዬ ማስታወሻ ስይዝ ነበር። መጀመሪያ የጻፍኩትን ዕቅድ አሁን ሳየው ከተማ ውስጥ ተቀምጬ እንደጻፍኩት ይታወቃል። የዝላይ ሜዳውን አልተውኩትም፣ ግን ከፊት አይደለም።

አሁን ብጠየቅ እንዲህ እላለሁ። አንደኛው ዓመት ለመዝገብና ለክትባት ነው። መዝገቡ የፈረሱን ስም፣ መልኩን፣ የየት አገር ዝርያ እንደሆነ፣ የተከተበበትን ቀን ይይዛል። ዳማም ሆነ አምባላይ፣ ጉራቻም ሆነ ቦራ፣ በአባቶቻችን አጠራር ይጻፍ። ስሙንም ባለቤቱ እንዳወጣለት እንጻፈው። ሰላሌ ያልካት የባዝራና የድንጉላ ነገርም እዚያው ትግባ።

በዚያው ዓመት የጉግስና የሽምጥ ሕግ ይጻፍ። የሚጽፉት ጠበቆች አይሁኑ። ከእንጅባራ፣ ከሰላሌ፣ ከአርሲ፣ ከባሌ ሽማግሌዎች ይቀመጡ፣ ሐኪም አጠገባቸው ይቀመጥ፣ አንድ ሰው ይጻፍ። የማይስማሙበት ነገር ይኖራል። እሱን ለየአገሩ መተው ነው። የሚስማሙበት ግን አንድ ገጽም ቢሆን ብሔራዊ ሕግ ይሁን። ጋላቢ ሴቶቹም ከጅምሩ ይቀመጡ፣ ከተጻፈ በኋላ አስተያየት ስጡ እንዳይባሉ።

ከዚያ ዳኛ ማሠልጠን። ሁለቱንም፣ የጉግሱንም የዝላዩንም። ዳማ ይህን ሥራ ይፈልገዋል ብዬ እገምታለሁ። 22 ዓመቱ ነው፣ ጋላቢም ዳኛም መሆን ይችላል።

ፕሬዚዳንቱ ማን ይሁን የሚለውን ትቼዋለሁ። ሒሳብ አዋቂው የተናገሩት በቂዬ ነው። የሥልጣን ዘመኑ ይገደብ፣ ፋይሉን የሚያውቅ ጸሐፊ ይኑር፣ ውድድር ላይ ያለው ሐኪም ከማንም ባለፈረስ ደመወዝ አይቀበል። የመጨረሻዋን ከገልፍ የተመለሰው ወንድማችን ነው ያስገባት። እኔ ብቻዬን ቢሆን አላስባትም ነበር።

የልጅቷን ጥያቄ ግን አሁንም አልመለስኩም። ጋሼ እንጅባራ፣ ጥር 23 ይዣት ብመጣ ምን ታያለች? የምትጋልብበትስ ነገር አለ?

እንጅባራ ነኝ

ከወላጆቿ ጋር ይዘሃት ና። ፈረስ አለ። ለልጆች የምንሰጠው ረጋ ያለ ቡላ ሰንጋ ፈረስ አለኝ፣ እሱ ላይ ትወጣለች። ሽምጡን ግን ዳር ሆና ትመልከት፣ ለዚያ ገና ልጅ ናት።

በ23 ብቻ አትምጡ። ጥር 21 ድረሱ። ከበዓሉ በፊት ያሉት ሁለት ቀናት ናቸው ሥራ የሚሠራባቸው። ሽማግሌዎቹን እኔ አነጋግራለሁ። ዶክተርና ያ የባዝራዋ ወንድማችን ከመጡ አንድ አሥር ፈረስ መጀመሪያ ከእኔና ከዘመዶቼ እናቅርብ። ሌላው ሲያይ ይከተላል።

የጋማ ከብት ሐኪም፣ ቢሾፍቱ

እመጣለሁ። አሁን ላይ ክትባት መስጠት ወቅቱ አይደለም፣ ከክረምቱ በፊት ሌላ ቀጠሮ እንይዛለን። ያን ቀን ግን ጀርባቸውን፣ ኮቴያቸውንና ልባቸውን አያለሁ። ከሽምጡ በፊትና በኋላ የልብ ምት እንመዝግብ። እንዲህ ያለ ቁጥር ስለ አገራችን ፈረስ ብዙ የለንም። የእኛ ፈረስ በዚያ ደጋ ላይ ጋልቦ በስንት ደቂቃ ወደ 64 እንደሚመለስ ማወቅ እፈልጋለሁ።

እስከዚያው ግን ባለፈረሶች ሁሉ አንድ ነገር አድርጉልኝ። ከመሸ በኋላ እስኪነጋ ፈረሱን ሜዳ ላይ አታሳድሩት። እነዚያ ነፍሳት የሚበዙት ያን ጊዜ ነው።

ከገልፍ የተመለስኩ

የልብ ማዳመጫ አንድ አለኝ፣ ከዚያ ይዤው የመጣሁት ነው። ዶክተር የራሱን ይያዝ። ሁለት ሆነን ከሠራን አሥሩን ፈረስ በአንድ ጠዋት እንጨርሳለን።

ዳማ ፈረስ

እኔ ደብተሩን እይዛለሁ።